አጭር ልብ ወለድ ማንበብና በእንግሊዝኛ ድርሰት መጻፍ



ባለፈው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ የእንግሊዝኛ መምህራችን የጻፍነውን ድርሰት አርመው መለሱልን። ያነበብነው ታሪክ አንድ ሲሆን የጻፍነው ተማሪዎች 41 ነበርን። ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን ብናስተያያቸው በአብዛኞቹ ግርጌ የሰፈረው ማሳሰቢያ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘነው፤ ትርጉሙም «ታሪኩን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ያንተ ሐሳብ የት አለ?» የሚል ነበረ።

መጀመሪያ ተናደድን። ከመካከላችን ለዚያ ድርሰት ሲል ሁለት ሌሊት ያልተኛ ነበረና። ቆይተን ስናስበው ግን መምህራችን እውነታቸውን እንደሆነ ተረዳን። ሁላችንም የጻፍነው የታሪኩን ማሳጠሪያ እንጂ ድርሰት አልነበረም። ስለዚህ ሰባት ሆነን፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ጀርባ ባለች አንዲት ሻይ ቤት እየተሰበሰብን ጉዳዩን ስንመረምር ከረምን። ዛሬ በዚህ መጽሔት የምናቀርበው የተረዳነውን ነው። አዋቂዎች ነን ለማለት አይደለም፤ ችግሩ የሁላችን ስለሆነ መፍትሔውም የጋራ ይሁን በማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ችግሩ ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው ሁሉ በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ከመጀመሪያው እንግሊዝኛ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራውን ሲጀምር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበረ። ኮሌጁ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ይህ አልተለወጠም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲፈቅድ፥ የሁለተኛ ደረጃንና የከፍተኛ ትምህርትን ለእንግሊዝኛ ተወው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስም ከኮርሶቹ መካከል የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት ነበረበት።

እንግዲህ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ልማድ ነው። ሆኖም እኛ ወደዚህ የደረስንበትን መንገድ ልብ እንበል። በ12ኛ ክፍል የምንፈተነው አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ነው፤ ከአራት ፊደሎች አንዱን ማጥቆር ነው። የእንግሊዝኛውም ፈተና እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በሕይወቱ አንድ ገጽ ሙሉ የራሱን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። ይህን የምንለው በግምት አይደለም፤ ከሰባታችን አራታችን እንዲህ ነበርን። በትምህርት ቤት «ድርሰት ጻፉ» የተባልንበት ጊዜ ቢኖርም፥ የምንጽፈው በቃላችን ያጠናነውን ነበረ። «በዓለማችን ላይ ብዙ ዓይነት ሰዎች አሉ» ብሎ የሚጀምር አንድ መግቢያ ነበረን፤ ለወባም፥ ለጓደኝነትም፥ ለአካባቢ ጥበቃም የምናውለው እሱኑ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ብንደብቀው አይጠቅመንም። በክፍላችን ውስጥ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው በቦሌና በአካባቢው የግል ትምህርት ቤቶች የተማረው ነው፤ እንግሊዝኛው ከአፉ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ሰዉም «የቦሌ ልጅ» ይለዋል። ሁለተኛው ከክፍለ ሀገር የመጣው ነው፤ ሰዋስው ጠንቅቆ ያውቃል፥ ነገር ግን ሲናገር ይሳቅብኛል ብሎ ስለሚፈራ የኋላ ወንበር ይዞ ዝም ይላል። መጀመሪያ ላይ ድርሰቱ የቦሌ ልጆች ጉዳይ ይመስለን ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን ሁለቱም ወገን እኩል ወደቀ። አንደኛው ባማረ እንግሊዝኛ ታሪኩን ደገመ፤ ሌላው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ታሪኩን ደገመ። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበረ።

አጭር ልብ ወለድ ምንድን ነው?

ለመሆኑ መምህራን ድርሰት ለማስተማር ሲፈልጉ አጭር ልብ ወለድ የሚያስነብቡን ለምንድን ነው? ምክንያቱ ቀላል ነው። ረጅም ልብ ወለድ ወር ይፈጃል፤ ግጥም በባዕድ ቋንቋ ያስቸግራል፤ አጭር ታሪክ ግን ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው እንኳ ተራው ሳይደርስ ሊጨርሰው ይችላል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 ስለዚሁ ሲጽፍ፥ አጭር ታሪክ በአንድ ቁጭታ ተነቦ የሚያልቅና በአንባቢው ልብ አንድ ስሜት ብቻ ለመፍጠር የተሠራ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር በአጭር ታሪክ ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠ ነገር የለም ማለትን ነው። ጸሐፊው ስለ አንድ ሳጥን ከጻፈ ሳጥኑ ሥራ አለው፤ ስለ ደብዳቤ ከጻፈ ደብዳቤው ሥራ አለው። አንባቢም «ይህ ለምን እዚህ ገባ?» እያለ መጠየቅ ይገባዋል።

በእኛም አገር ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተባለውን የአጫጭር ታሪኮች መድበል በ1949 ዓ.ም.፥ «ሌላው መንገድ» የተባለውን ደግሞ በ1952 ዓ.ም. አሳትሞ ለአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ ሆኗል። የሥነ ጽሑፍ ቃላቱንም በአማርኛ አሟልተን ይዘናቸዋል፤ ሴራ፥ ግጭት፥ ገጸ ባሕርይ፥ ጭብጥ፥ የትረካ አንጻር እንላለን። «መቼት» የምንለውም «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ቃላት ተጋጥሞ የተሠራ ነው። እነዚህን ቃላት በአማርኛ የሚያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ ሲሰማቸው አዲስ ስም ተማረ እንጂ አዲስ ነገር አልተማረም። ይህን ብናውቅ ግማሹ ፍርሃታችን በለቀቀን ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ተረት ነው፤ ተረት ደግሞ መጨረሻው ምክር ነው። ስለዚህ አጭር ልብ ወለድ አንብበን ስንጨርስ ወዲያው «ምን ይመክረናል?» እንላለን። ከ41ዱ ድርሰት ምን ያህሉ «ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትዕቢት ክፉ መሆኑን ነው» ብሎ እንዳበቃ ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ። ትዕቢት ክፉ መሆኑን ለማወቅ ታሪኩን ማንበብ አያስፈልግም። ያን ዓረፍተ ነገር ታሪኩን ሳያነብብ የሚጽፈው ሰው ሞልቷል።

ያነበብነው ታሪክ

ታሪኩ ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1884 የጻፈው «የአንገት ሐብል» ነው። ያላነበበ እንዲከተለን ባጭሩ እንግለጸው። ማቲልድ የምትባል የአንድ ዝቅተኛ የመንግሥት ጸሐፊ ሚስት በድህነቷ ስታዝን ትኖራለች። ባሏ ከሚሠራበት ሚኒስቴር የግብዣ ጥሪ ሲመጣ ልብስ የለኝም ብላ ታለቅሳለች፤ ባሏም ጠመንጃ ሊገዛበት ያጠራቀመውን 400 ፍራንክ ይሰጣታል። ጌጥ ደግሞ ከሀብታም ጓደኛዋ ከወይዘሮ ፎሬስትየ የአልማዝ ሐብል ትዋሳለች። በግብዣው ላይ አምራ ደምቃ ስትጨፍር ታመሻለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ሐብሉ ከአንገቷ የለም። ባልና ሚስት ተመሳሳዩን በ36,000 ፍራንክ ገዝተው ይመልሳሉ። ግማሹ ባልየው ከአባቱ የወረሰው ሲሆን ግማሹ ብድር ነው። ዕዳውን ለመክፈል ሠራተኛ አሰናብተው፥ ጣራ ሥር ያለ ቤት ተከራይተው፥ አሥር ዓመት ይለፋሉ። በመጨረሻ ማቲልድ ጓደኛዋን በመንገድ አግኝታ እውነቱን ስትነግራት፥ ያ የጠፋው ሐብል አልማዝ እንዳልነበረ፥ ቢበዛ 500 ፍራንክ የሚያወጣ አስመስሎ የተሠራ እንደነበረ ትሰማለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፈን ነው 20ውን ነጥብ የጠበቅነው።

በሻይ ቤቷ ያደረግነው ታሪኩን ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው። በመጀመሪያው ንባብ የጠየቅነው «ምን ሆነ?» ብቻ ነው፤ ያልገባንን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት አንፈልግለትም፤ ታሪኩ እንዳይቋረጥ እናልፈዋለን። በሁለተኛው «ማን ምን መረጠ? ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» እንላለን፤ ቃሉንም የምንፈልገው አሁን ነው። በሦስተኛው «ያልተነገረው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ማስታወሻ የምንይዘው በሁለተኛውና በሦስተኛው ንባብ ነው፤ እሱም በአማርኛ ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው ንባብ ላይ ከምሥራቅ ጎጃም የመጣው ጓደኛችን፥ በክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምተን የማናውቀው፥ እንዲህ አለ፤ «በኛ መንደር ለሠርግ ጌጥ ስትዋዋስ ብቻህን አትዋዋስም። እናት አለች፥ ጎረቤት አለች። የምታውሰውም ይኸ ብር ነው፥ ይኸ ብር ቅብ ነው ብላ በሰው ፊት ትነግርሃለች። ይህቺ ሴትዮ ግን ብቻዋን ሄደች፥ ብቻዋን ወሰደች፥ ሲጠፋም ብቻዋን ደበቀች። እኔ የገረመኝ ትዕቢቷ አይደለም፤ ጠፋብኝ ለማለት ያፈረችው ነው።»

ሁላችንም ዝም አልን። ወደ ታሪኩ ተመልሰን ስናይ እውነትም ማቲልድ እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ዕድል አግኝታለች። አንደኛው ሐብሉ እንደጠፋ ነው፤ በዚያን ጊዜ ባሏ የጻፈችውን ደብዳቤ ቃል በቃል ሲያስጽፋት፥ የሐብሉ መቆለፊያ ተሰብሮ እየተጠገነ ነው አሰኛት። ሁለተኛው አዲሱን ሐብል ስትመልስ ነው፤ ወይዘሮ ፎሬስትየ ሳጥኑን ከፍታ ታየዋለች ብላ ፈርታ ነበር፥ ግን ሳትከፍተው ቀረች። ከሁለቱ በአንደኛው ጊዜ እውነቱ ወጥቶ ቢሆን 500 ፍራንክ ተከፍሎ ነገሩ ባለቀ ነበር። አሥሩን ዓመት የበላው የአንድ ደብዳቤ ውሸት ነው።

«ይህን ለምን አልጻፍከውም?» ብለን ጠየቅነው። «እንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ የሚገባ አልመሰለኝም» አለ። የጻፈው ትዕቢት ክፉ ነው የሚለውን ነበር፤ ያገኘውም ከ20 9 ነው። እነሆ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሚበልጠው ሐሳብ በክፍሉ ውስጥ ነበረ፤ ግን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር በመንገድ ላይ ቀረ። ስንቱ ሐሳብ እንዲህ ቀርቶ ይሆን?

ድርሰት እንደ ሙግት

ተማሪው «ኤሴይ» የሚለው የድርሰት ዓይነት ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛ ነው። ሚሼል ደ ሞንቴኝ እ.ኤ.አ. በ1580 ጽሑፎቹን በዚህ ስም ሲያሳትም ቃሉ «ሙከራ» ማለት ነበረ። ስለዚህ ድርሰት ማለት አንድን ሐሳብ መፈተን ነው። የኮሌጁ ድርሰት ደግሞ ሐሳቡን በሌላ ሰው ፊት ማስረዳት ይጨምርበታል።

ይህን እንድንረዳ የጠቀመን የራሳችን የሙግት ልማድ ነው። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ ነገሩ ሥርዐት ነበረው። ከሳሽ አስቀድሞ የሚከስበትን ነገር ያሰማል። ከዚያ ምስክር ይቆጥራል። ምስክሩ ያየውን ከተናገረ በኋላ ተሟጋቹ ይህ ምስክርነት ለነገሩ ምን እንደሚጠቅም ያስረዳል። ተቃዋሚው የሚለውንም አስቀድሞ አስቦ መልስ ያዘጋጃል። ምስክር ቆጥሮ ክሱን ሳይናገር የሚቀመጥ ሰው ዳኛውን ያስቃል። እኛ በድርሰታችን ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ምስክሩን ሁሉ፥ ማለት ታሪኩን በሙሉ፥ አቀረብን፤ ክስ ግን አልነበረንም።

ስለዚህ የድርሰቱ ክፍሎች እንደሚከተለው ናቸው።

1ኛ/ ዋናው ሐሳብ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገርና ሰው ሊከራከርበት የሚችል መሆን አለበት። «ማቲልድ ሐብል ጠፋባት» የሚለው ሐሳብ አይደለም፤ የሚከራከርበት የለምና። «ትዕቢት ክፉ ነው» የሚለውም አይሆንም፤ ታሪኩ ውስጥ ሳይገባ የተነገረ ነውና። «ማቲልድን አሥር ዓመት ያስከፈላት የሐብሉ መጥፋት ሳይሆን መጥፋቱን መደበቋ ነው» የሚለው ግን ሐሳብ ነው። አንዱ «የለም፥ ሀብታም የመምሰል ምኞቷ ነው» ብሎ ሊነሣብን ይችላል። ይነሣ! ድርሰቱ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

2ኛ/ ማስረጃ። ከታሪኩ የሚወሰድ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። እዚህ ላይ ደብዳቤውና ያልተከፈተው ሳጥን ይጠሩልናል። የ400ው ፍራንክና የልብሱ ጉዳይ፥ ጥሩ ቢሆንም፥ ለዚህ ክስ አይመሰክርምና ይቆይ። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ያወቅነውን ሁሉ ለማስገባት ስንል ነው።

3ኛ/ ማብራሪያ። ማስረጃው ብቻውን አይናገርም። ደብዳቤው መጻፉን ከጠቀስን በኋላ፥ ያንን ውሸት ባልና ሚስት የመረጡት ጊዜ ለማግኘት እንደነበረ፥ ያም ጊዜ ሐሰተኛውን ሐብል በእውነተኛ አልማዝ ለመተካት እንደዋለ ማሳየት አለብን። መምህራችን «ያንተ ሐሳብ የት አለ?» ያሉት ይህን ሲያጡ ነው።

4ኛ/ መደምደሚያ። መግቢያውን በሌላ ቃል መድገም አይደለም። ክሱ ከተረታ በኋላ ምን አዲስ ነገር እንደሚታየን መናገር ነው።

ዋናው ሐሳብ በመጀመሪያው አንቀጽ ይነገር ሲባል ብዙዎቻችን ይጎረብጠናል። በአማርኛ ጨዋታ ቁም ነገሩን እያድበሰበሱ መጥቶ በመጨረሻ ማውጣት የብልህ ሰው ወግ ነው፤ ሰምና ወርቅም የለመድነው ነገር ነው። ነገር ግን በአማርኛችን ውስጥም ተቃራኒው ልማድ አለ። ለቢሮ ማመልከቻ ስንጽፍ ከሁሉ በላይ «ጉዳዩ፦» ብለን የምንፈልገውን በአንድ መስመር እናስቀምጥ የለምን? የእንግሊዝኛ ድርሰት መግቢያም «ጉዳዩ፦» ማለት ነው። እንዲህ ብለን ካሰብነው ባዕድ አይሆንብንም።

በአማርኛ ማርቀቅ ይፈቀዳልን?

በዚህ ጉዳይ ሰባታችን ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «በእንግሊዝኛ ለመጻፍ በእንግሊዝኛ ማሰብ ግድ ነው፤ ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው መቼም አይቀናውም» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ «የማታስበውን ቋንቋ አስብበት ቢሉህ የሚመጣልህ ያጠናኸው ብቻ ነው» አልን። ከሞከርነው በኋላ የተስማማነው በዚህ ነው፤ ሐሳቡን፥ ማለት ዋናውን ዓረፍተ ነገርና የማስረጃውን ዝርዝር፥ በአማርኛ መንደፍ ይጠቅማል። አንቀጾቹን ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይገባል። አማርኛውን አንቀጽ በሙሉ ጽፎ ቃል በቃል መተርጐም ሁለት ጊዜ መልፋት ነው፤ የሚወጣውም እንግሊዝኛ ሽባ ነው።

ምክንያቱ የሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር የተለያየ መሆኑ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ብላ»፥ «ሄዳ»፥ «አይታ» እያልን አሥር ድርጊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰር እንችላለን። እንግሊዝኛ ግሡን ከባለቤቱ አጠገብ ይፈልገዋል፤ የእኛን ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዳለ ካሻገርነው መሐል ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ አንዱን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሦስት ማድረግ አያሳፍርም።

ሁለተኛው የዘወትር ስሕተታችን «ኤ» እና «ዘ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። አማርኛ «ሐብሉ»፥ «ደብዳቤዋ» ብሎ የታወቀውን ነገር በመጨረሻው ድምፅ ይለየዋል፤ ላልታወቀው ግን ቃል ላይጨምር ይችላል። እንግሊዝኛ ከስሙ በፊት ያደርገዋል። ስለዚህ ረቂቁን ስናርም አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ስሞቹን ብቻ እያየን «ይህ አንባቢው የሚያውቀው ነው ወይስ አዲስ?» ብንል ስሕተቱ በጣም ይቀንሳል። ሦስተኛው ጊዜ ነው። እኛ ታሪክ ስንተርክ «ነበረች»፥ «አለቀሰች» እንላለን፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ድርሰት ግን በታሪኩ ውስጥ ያለውን ድርጊት አሁን እንደሚሆን አድርጎ የመጻፍ ልማድ አለው። ይህን ሳናውቅ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱን ስንደባልቅ ነጥብ ተቀንሶብናል።

ረቂቅ አንድ ጊዜ ተጽፎ አያልቅም። የእኛ ልማድ አሁን ሦስት ነው። የመጀመሪያው ለሐሳቡ ነው፤ ሰዋስው አናይበትም። ሁለተኛው ለቅደም ተከተሉ ነው፤ የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ እናነብባለን፤ በተከታታይ ሲነበቡ ሙግት ካልሆኑ አንቀጾቹ ቦታቸውን ስተዋል። ሦስተኛው ለቋንቋው ነው፤ ለጓደኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል። የቦሌ ልጆች የጠቀሙን እዚህ ላይ ነው፤ ጆሯቸው የሰላ ነውና። ከክፍለ ሀገር የመጡት ደግሞ ሕጉን እየጠቀሱ ስሕተቱ ለምን ስሕተት እንደሆነ ያስረዳሉ። በሁለት ወር ውስጥ በክፍል ያልተቀራረብነውን ያህል በዚያች ሻይ ቤት ተቀራረብን።

ስለ መኪናው ድርሰት

በቅንነት መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። ከ41ዱ ድርሰት ጥቂቶቹን የጻፋቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ከመካከላችን አንዷ ይህን አድርጋ ነበር፤ እንድንጽፈውም ራሷ ፈቅዳለች። መምህራችን ለብቻዋ ጠርተው ከሁለተኛው አንቀጽ አንድ ቃል አሳይተው ትርጉሙን ጠየቋት፤ አላወቀችውም። አላዋረዷትም፤ እስከ ሰኞ የራሷን ጽፋ እንድታመጣ ነገሯት። እሷ የምትለው እንዲህ ነው፤ «ሰነፍ ሆኜ አይደለም። የጻፍኩትን አንብቤ አፈርኩበት፤ በማፈሬም ደበቅሁት።» ሁላችንም ተያየን። ጠፋብኝ ማለት አፍራ ከሰው ሐብል ገዝታ የመለሰችው ሴት ታሪክ በእጃችን ነበረና።

መሣሪያው ለሌላ ነገር አይጠቅምም አንልም። ያልገባንን ቃል ያስረዳናል፤ የሰዋስው ስሕተት ያሳየናል። ነገር ግን ከምሥራቅ ጎጃም የመጣው ጓደኛችን ስለ ብር ቅብ የተናገረው ከእናቱ ቤት የመጣ ነው፤ መሣሪያው የዚያችን ሴት ቤት አያውቀውም። ድርሰቱን በሙሉ ለመኪና የሰጠ ተማሪ የሚያተርፈው ነጥብ ነው፤ የሚያጣው ግን ሐሳቡን በዚያ ቋንቋ ለመናገር የሚለማመድበትን ዕድል ነው። ነገ የመመረቂያ ጽሑፍ፥ ሪፖርት፥ የሥራ ማመልከቻ በዚሁ ቋንቋ ይጠብቀናል።

ለምን በሰው አገር ታሪክ?

«የፈረንሳይን ሴትዮ ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብበን ምን ይረባናል?» የሚል ጥያቄ በስብሰባችን ላይ ተነሥቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን፥ ሁለቱም ይነበብ ነው። የአገራችን ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ሥራዎች አሉ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፏል። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁም «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የሚል ትርጉም ያለውን ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትሟል። ለአጭር ልብ ወለድ ደግሞ የሐማ ቱማ የታሪኮች መድበል እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በመዓዛ መንግሥቴ አዘጋጅነት የታተመው የአዲስ አበባ ታሪኮች መድበልም የከተማችንን ሰፈሮች መቼት አድርጓል። እነዚህ በክፍል ቢነበቡ፥ እንግሊዝኛ የሰው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የኛን ጉዳይ ልንነግርበት የምንችል መሣሪያ መሆኑን በዓይናችን እናያለን።

በመጨረሻም ውጤቱን ለምትጠይቁን፤ ጓደኛችን ድርሰቱን በአዲሱ ሐሳብ እንደገና ጽፎ 14 አገኘ። እንግሊዝኛው ዛሬም ስሕተት አለበት። መምህራችን ግን ግርጌው ላይ «ይህን አላሰብኩትም ነበር» ብለው ጻፉለት። እሱም ወረቀቱን አጣጥፎ ለእናቱ ሊያሳይ ለፋሲካ ይዞ ሄዷል፤ እንግሊዝኛውን ባታነብብም የሚተረጉምላት አለና።

ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። 1ኛ/ ከላይ ከጠቀስናቸው መጻሕፍት ጥቂት ቅጂ ማኅበሩ ገዝቶ ለተማሪ በውሰት ይስጥ። 2ኛ/ በየክፍሉ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ፥ ከስምንት የማይበልጡ ተማሪዎች ያሉበት የንባብ ቡድን እንዲቋቋም ያስተባብር። 3ኛ/ በዚህ መጽሔት በየዕትሙ አንድ የተማሪ ድርሰት ከመጀመሪያው ረቂቁ ጋር ጎን ለጎን ይውጣ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ እንደማያሳፍር ሁሉም እንዲያይ። ለመጀመሪያው ዕትም የራሳችንን ሰባቱንም ከነስሕተታቸው ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ይጻፍልን፤ ቅዳሜም በሻይ ቤቷ ቦታ አይጠፋም።